ዲስክና ፓድ ከተቀየረ በኋላ የፍሬን አየር ማስወጣት፦ ከዝግጅት እስከ ሙከራ ጉዞ

አዲሱ ዲስክ ገብቷል፣ ፓዱ ተቀይሯል፣ ጎማው ታስሯል። ሞተር አስነሥተው ፍሬን ሲረግጡ ግን ፔዳሉ ወለል ድረስ ዝም ብሎ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ገብቶበታል» ይልና ቁልፍ አንሥቶ የካሊፐሩን (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) የአየር ማስወጫ ብሎን መፍታት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ግን አየር አልገባም ነበር። አየሩን የሚያስገባው ብሎኑን ያለ ቅደም ተከተል መክፈትና መዝጋት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አየር መኖሩን ያረጋግጡ፣ ካለ ብቻ ወደ ማስወጣቱ ይለፉ።

መመሪያው የተጻፈው እንደ ኮሮላና ያሪስ ላሉ የተለመዱ የቤት መኪኖች ነው። የመኪናዎ መጽሐፍ የተለየ ቅደም ተከተል ካዘዘ መጽሐፉን ይከተሉ። አንድ ነገር ግን በየትኛውም መኪና ላይ አይለወጥም፦ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠንክሮ ካልቆመ መኪናው ከግቢ አይወጣም፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን።

ይህን ሥራ ቤት ውስጥ የማይሞክሩባቸው መኪኖች

የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች ብዙዎቹ ፍሬናቸው በኤሌክትሮኒክ ፓምፕ የሚታዘዝ ነው። በአንዳንዶቹ የሾፌሩ በር ገና ሲከፈት ፓምፑ ይነሣና ግፊት ይፈጥራል፤ ካሊፐሩ ከዲስኩ ወጥቶ ከሆነ ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ፓዱን የሚገፋውን) ሊገፋ፣ ጣትም ሊጨፈልቅ ይችላል። በእነዚህ መኪኖች አየር ማስወጣት የሚቻለው ሥርዓቱን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ ዲያግኖስቲክ ማሽን አዝዞ ነው። የእጅ ፍሬኑ በጣት በሚጫን የኤሌክትሪክ ቁልፍ የሚሠራ መኪናም የኋላ ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። ማሽኑ ከሌለዎት ማሽን ያለው ጋራዥ ይውሰዱት።

ደረጃ 1፦ አየር መኖሩን ያረጋግጡ

ፓዱን ሲቀይሩ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍተውታል፤ ስለዚህ አሁን በፓዱና በዲስኩ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። አንድ ርግጫ ፒስተኑን የሚያወጣው በጥቂቱ ነው። ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስ ፔዳሉ ባዶ መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

1. ሞተሩን ያጥፉ።
2. በቋቱ (በኮፈኑ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ያለው የፍሬን ዘይት በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ይዩ።
3. ፔዳሉን በዝግታ፣ እስከ ግማሽ መንገዱ ብቻ፣ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይርገጡ። በአንዴ ወለል ድረስ አይምቱት።
4. ሲጠነክር ተጭነው ለ30 ሰከንድ ይያዙት።
5. እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ በትንሹ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ሰርቮው (የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው ክፍል) መሥራቱን የሚያሳየው ይህ ነው።

ከፍ ብሎ ጠንክሮ ከቆመ አየር የለም። ዘይቱ ካልጠቆረና ሁለት ዓመት ካልሞላው ብሎኖቹን አይንኩ፤ ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ።

አየር ሊገባ የሚችለው መስመሩ ተከፍቶ ከነበረ ብቻ ነው፦ ቱቦው ከካሊፐሩ ተፈትቶ ከነበረ፣ ካሊፐሩ ራሱ ተቀይሮ ከሆነ፣ ፒስተኑ ተገፍቶ ከቤቱ ወጥቶ ከነበረ፣ ማስወጫው ብሎን ተከፍቶ ከነበረ ወይም ቋቱ ደርቆ ከነበረ። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

የፔዳሉ ጠባይ ራሱ ምልክት ይሰጣል፦

- እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ሲደጋግሙት ከፍ ይላል፣ ግን አሁንም ይለጠጣል፦ አየር አለ። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ እግርዎ የሚሰማው የአየሩን መጨመቅ ነው።
- የመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛው ከፍና ጠንካራ ነው፦ ክፍተት በዝቷል። የኋላው በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ከበሮ መሰል ፍሬን) ከሆነ ውስጡ ያለው ሸራ አልተስተካከለም፤ የፊቱ ከሆነ ዲስኩ ተንሻፎ እየዞረ ፓዱን ወደ ኋላ ይገፋዋል።
- ይጠነክራል፣ ሲይዙት ግን ቀስ እያለ ይሰምጣል፦ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚገፋው ሲሊንደር) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ፣ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። አየር ማስወጣት ይህን አይጠግነውም።
- እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መኪናው ግን በቀላሉ አይቆምም፦ ሰርቮውን ወይም ወደ ሰርቮው የሚሄደውን የአየር ቱቦ ይመርምሩ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ያዘጋጁ

የሚያስፈልገው፦ ለማስወጫው ብሎን ልክ የሆነ ቁልፍ (በቶዮታዎች ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10)፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ፣ ውስጡ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነና ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ፣ ከታች ዘይት የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ፣ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ፣ ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ ታኮ እና ፔዳሉን የሚረግጥልዎ አንድ ሰው።

ቁልፉ ላይ አይሰስቱ። ያረጀ አፍ ያለው ቁልፍ የብሎኑን ማዕዘን በልቶ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የአየር ማስወጣት ሳይሆን ብሎን የማውጣት ይሆናል።

*ስለ ዘይቱ።* በቋቱ ክዳን ላይ የተጻፈውን ይግዙ፤ አብዛኛው መኪና ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ሁለቱ ሊደባለቁ ይችላሉ፤ ዶት 4 ግን ሙቀት የበለጠ ይችላል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። ቁጥሩ የሚመሳሰለው ዶት 5.1 ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ወገን ነው።

ሶማሌ ተራም ይግዙ ሌላ ቦታ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ተቀንሶ በሌላ ጠርሙስ የሚሸጥ ዘይት፣ ቤት ውስጥ ባለፈው ዓመት ተከፍቶ የተረፈም ቢሆን፣ አይጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ለአዲስ ዶት 3 ዝቅተኛው የመፍያ መለኪያ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እርጥበት ሲገባው 140 ይሆናል፤ ለዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ልዩነቱ ከተማ ውስጥ ላይሰማዎ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ግን ፍሬኑ እየጋለ ይሄዳል፤ ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ይከዳል። እዚያ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ሁሉ ቱቦ ተበጥሶ አይደለም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ ወደ ቋቱ እንዳይገባ። በፔትሮሊየም የተሠራ ዘይት የፍሬን ጎሚኒዎችን ያሳብጣል። በስሕተት ከገባ ፔዳሉን አንዴም አይርገጡ፤ ከቋቱ አልፎ ሳይሄድ በሲሪንጅ ይውጣና ቋቱ ተነቅሎ ይታጠብ። ከተረገጠ ግን የማስተሩ፣ የካሊፐሮቹና የታምቡሮቹ ጎሚኒ ሁሉ መቀየር አለበት።

ግማሽ ሊትር ለአየር ማስወጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ የሚቀይሩ ከሆነ አንድ ሊትር ያዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ መኪናውን ያቁሙ

1. ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። ጠጠር ወይም ለስላሳ አፈር ላይ አይሥሩ።
2. መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ይያዙ።
3. የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው ሳይነሣ ያላሉ።
4. በክሪክ ያንሡ፣ በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ሰው እየሠራ መኪና በክሪክ ብቻ አይቆምም። ድንጋይና ብሎኬትም መደገፊያ አይደሉም፤ ብሎኬት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል።
5. ሲጨርሱ መኪናውን ገፋ አድርገው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ይፈትሹ፣ ጎማ ይፍቱ።

ደረጃ 4፦ ከአየሩ በፊት የገጠሙትን ይመልከቱ

ሰዎች ሁለት ሰዓት አየር ሲያስወጡ የሚውሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

*ማስወጫው ከላይ ነው?* አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ብሎኑ በካሊፐሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ካሊፐሮች ወርደው ከነበረ የግራውና የቀኙ ሊቀያየሩ ይችላሉ። በትክክል የገጠሙ ይመስላሉ፣ ማስወጫው ግን ወደ ታች ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሊትር ዘይት ቢያፈስሱም አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። ያለው መፍትሔ ማቀያየር ብቻ ነው።

*ቱቦው ተጠማዟል?* መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥጉ ያዙሩ። ቱቦው ጎማ፣ ቸርኬ ወይም ምሶሶ መንካት የለበትም። ቱቦውን የያዘው ብሎን ተፈትቶ ከነበረ ከላይም ከታችም ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ መቀየር አለባቸው።

*ዲስኩ በትክክል ተቀምጧል?* በሃቡ (ዲስኩ በሚቀመጥበት የመሃል ብረት) ላይ የቀረች አንዲት የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ታንሻፍፈዋለች። ሃቡን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ዲስኩን ይመልሱ። ቶዮታ ለብዙ ሞዴሎቹ የሚፈቅደው መንሻፈፍ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አዲስ ዲስክ ከዝገት መከላከያ ዘይት ጋር ስለሚመጣ በፍሬን ማጽጃ፣ ከሌለም በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይጠቡት።

*ካሊፐሩ ይንሸራተታል?* ፒኖቹ በእጅ ሲገፉ መሄድ አለባቸው። የሚቀባው የፍሬን ግሪስ ነው፣ ተራ ግሪስ አይደለም። የፓዱ አቧራም በኮምፕረሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ደረጃ 5፦ ብሎኖቹን አስቀድመው ይሞክሩ

ወደ ፔዳሉ ከመሄድዎ በፊት አራቱም ማስወጫዎች የሚፈቱ መሆናቸውን ይወቁ። የላስቲክ ክዳናቸውን አንሥተው ዙሪያቸውን ያጽዱ፣ ዝገት ማላቀቂያ ይርጩ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በባለ ስድስት ማዕዘኑ ቡሶላ በጥቂቱ ይፍቱና ወዲያው መልሰው ይዝጉ።

እምቢ ካለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምረው አያስረዝሙት። ብሎኑ በመሃሉ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ነገር ስለሆነ ይሰበራል። ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ፣ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ይሞክሩ። አሁንም ካልሆነ እዚያው ያቁሙ። ከተሰበረ ባለሙያ ያወጣዋል፣ አለዚያ ካሊፐር ይገዛሉ።

ደረጃ 6፦ አየሩን ያስወጡ

ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። መሪው በግራ በሆነ መኪና፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። የተከፈተው የፊት መስመር ብቻ ከሆነና ቋቱ ካልደረቀ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ መሥራት በቂ ነው።

ለመጀመር ቋቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ያስቀምጡበት። አሮጌው ዘይት ከጠቆረ በሲሪንጅ ቀንሰው በአዲስ ይተኩት፣ ቋቱን ግን ባዶ አያድርጉ። ዘይት ቀለም ላይ ከነካ በጨርቅ አይሹት፤ ወዲያው ብዙ ውኃ ያፍስሱበት።

ፔዳሉ ወለል ድረስ እንዳይወርድ ከሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚወፍር እንጨት ያስቀምጡ። ያረጀ ማስተር ውስጥ ያለው ፒስተን ከወትሮው አልፎ ሲሄድ እዚያ ያለው ዝገትና ቆሻሻ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ከአየር ማስወጣት በኋላ «ማስተሩ ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ሞተሩ ይጥፋ። ከረዳትዎ ጋር በቃል ተስማሙ፤ እርሱ እርስዎን አያይም፣ እርስዎም እግሩን አያዩም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ምላሽ ይኑረው፦

1. ቁልፉን ብሎኑ ላይ ያስገቡ፣ ከዚያ ቱቦውን በብሎኑ ጫፍ ላይ ይሰኩ። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ይጠመቅ።
2. «ርገጥ!» ይበሉ። ረዳቱ በዝግታ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ረግጦ በመጨረሻው ላይ ተጭኖ ይያዝና «ያዝኩ!» ይበል።
3. ረዳቱ «ያዝኩ» ሲል ሰምተው ብቻ ብሎኑን ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይክፈቱ። ዘይትና አረፋ ይወጣል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። ረዳቱ እግሩን ፈጽሞ ማንሣት የለበትም።
4. ፍሰቱ ሲደክም፣ ፔዳሉ ገና ተጭኖ ሳለ፣ ብሎኑን ይዝጉ።
5. ከዘጉ በኋላ «ልቀቅ!» ይበሉ። ረዳቱ በዝግታ ለቆ «ለቀቅሁ!» ይበል።
6. ሦስት ሰከንድ ጠብቀው ይድገሙ።

ሁሉም ነገር ያለው 4 እና 5 መካከል ነው። ብሎኑ ክፍት ሳለ ፔዳሉ ከተለቀቀ ካሊፐሩ በብሎኑ ጥርሶች በኩል አየር ይስባል፤ ያስወጡት ሁሉ ይመለሳል። ረዳቱ ከደነገጠና እግሩን ካነሣ ያንን ዙር እንዳልተሠራ ይቁጠሩትና ይድገሙ።

በየአምስት ዙሩ ቋቱን ይዩ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ፤ ቋቱ ከደረቀ አየር ከላይ ይገባል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጎማ መጀመር ይኖርብዎታል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ባለው መኪና ደግሞ አየሩ የኤቢኤሱ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥና ያለ ዲያግኖስቲክ ማሽን ላይወጣ ይችላል። ቋቱ ካልደረቀ ግን ኤቢኤስ ስላለ ብቻ ብዙ ጊዜ ማሽን አያስፈልግም።

በቱቦው ውስጥ አረፋ ሳይታይ አምስት ዙር ሲያልፍ ብሎኑን ያጥብቁ፣ የላስቲክ ክዳኑን ይመልሱ፣ ወደሚቀጥለው ጎማ ይሂዱ። ለቶዮታ ማስወጫ የሚበቃው 8 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በአጭር ቁልፍ በእጅ ጠበቅ ማድረግ ማለት ነው። ያፈሳል ብለው ሲያከሩት ጥርሱን ይበሉታል።

*ረዳት ከሌለዎት* ጠርሙሱን ከብሎኑ ከፍ አድርገው ያንጠልጥሉ፣ ቱቦውን ዘይት ውስጥ ያጥልቁ፣ ብሎኑን በጥቂቱ ብቻ ይክፈቱና ፔዳሉን በጣም በዝግታ ይርገጡ፣ ይልቀቁ። ይሠራል፣ ግን በጥርሶቹ በኩል የሚገባ አየር ስላለ አረፋው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስቸግራል። እኔ ሁለት ሰው ሆኖ መሥራቱን እመርጣለሁ፤ ጎረቤት ይጥሩ።

ደረጃ 7፦ ሳይነዱ ይፈትሹ

እንጨቱን ያንሡ። ቋቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ፣ ክዳኑን ይዝጉ። ረዳቱ ፔዳሉን ጠንክሮ ይዞ እያለ እያንዳንዱን ብሎንና ቱቦ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይንኩ። እርጥብ ከሆነ ያፈሳል። ከዚያ ደረጃ 1 ላይ ያለውን ፍተሻ ከነ 30 ሰከንዱ ይድገሙ።

ጎማዎቹን ያስገቡ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርጽ ያጥብቁ፤ ለኮሮላና ለያሪስ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አሁንም ከለሰለሰ

ዝም ብለው ዘይት አያፍስሱ። የለሰለሰው የትኛው ጎማ እንደሆነ ይለዩ። ለስላሳ አፍ ባለው የቱቦ ማነቂያ የአንዱን ጎማ የፍሬን ቱቦ አንቀው ፔዳሉን ይርገጡ። ከጠነከረ ችግሩ በዚያ ጎማ ነው፤ ካልተለወጠ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። በፒንሳ አያንቁ፤ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ቱቦንም ጨርሶ አያንቁ፣ ይቀይሩት። አራቱም ታንቀው ፔዳሉ ከለሰለሰ ማስተሩን ወይም የኤቢኤስ ክፍሉን ይጠርጥሩ።

ፔዳሉ ጠንካራ ግን ዝቅ ያለ ከሆነ የኋላውን ታምቡር ያስተካክሉ። ሸራው ታምቡሩን ለመንካት እስኪቃረብ ድረስ የማስተካከያውን ጥርስ ያዙሩ፤ ጎማው በእጅ ሲዞር በጥቂቱ ቢፈጭ ይበቃል። ይህን የረሳ ሰው የፊቱን አየር ቀኑን ሙሉ ቢያስወጣ ፔዳሉ ከፍ አይልም።

መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ የተያዘ ፒን ወይም ፒስተን አለ፣ አለዚያም ፓዱ ዘይት ነክቶታል። ዘይት የጠጣ ፓድ አይጸዳም፣ ይጣላል፤ ግራና ቀኙም አብረው ይቀየራሉ።

ደረጃ 8፦ ሙከራና ማለማመድ

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በሰው ርምጃ ፍጥነት ይንዱና ያቁሙ፣ ደጋግሙት። የእጅ ፍሬኑም በራሱ መኪናውን እንደሚይዝ ይዩ። ከዚያ እሑድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወደ ቀጥ ያለ ደልዳላ መንገድ ይውጡ። ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 10 መካከለኛ በሆነ ርግጫ ይቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ ይንዱና ዲስኩ እንዲበርድ ጥቂት ይጠብቁ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙ። በመሃሉ ፔዳሉን ተጭነው አይቁሙ፤ የጋለው ፓድ በዲስኩ ላይ አሻራ ይተውና በኋላ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከጨረሱ በኋላ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ይንዱ። ሽታ ቢኖር የተለመደ ነው፤ ጭስ ከታየ ግን ያቁሙ፣ የትኛው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ እንደጋለ ሳይነኩ መዳፍዎን በማስጠጋት ብቻ ይለዩ፤ የዚያ ጎማ ካሊፐር ተይዟል ማለት ነው።

ያወጡት ዘይት

ወደ ጠርሙሱ መልሰው አይጠቀሙበት፣ ወደ ቦይም አያፍስሱ። በሃይላንድ ቀድተው ግቢ ውስጥ የሚተውት ከሆነ ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል፤ መርዝ ነው። ስሙን ጽፈው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበል ጋራዥ ይውሰዱት።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ

የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፣ የቋቱን ዘይት ካስቀመጡበት ምልክት ጋር ያስተያዩ፣ በአራቱም ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ይፈልጉ። የዘይቱ መጠን ከቀነሰና የሚያፈስ ቦታ ካልታየ የኋላውን ታምቡር ከፍተው ይዩ፤ ሸራውን የሚገፋው የጎማ ሲሊንደር ሲያፈስ ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይታይ ውስጡ ባለው አቧራ ላይ ይጠራቀማል።